ስድስት ሰዎች ሲደማመጡ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰምቼ ያልጠገብኩት በጥቂት ሰዎች የተቀዳውን የድሮ ጃዝ ነው። ከሁሉም የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አስቀድማለሁ።

አልበሙ በ1959 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በሁለት ቀን ተቀድቶ አለቀ። ዴቪስ ለባልደረቦቹ የሰጣቸው አጭር ንድፍ እንጂ የተሟላ ኖታ አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ካላዳመጠ ሥራው አይሆንም። ዴቪስ በትራምፔቱ ጥቂት ይልና ዝም ይላል፤ ዝምታው ለሌላው ቦታ ይለቃል። ጆን ኮልትሬንና ካኖንቦል አደርሊ በሳክስፎን ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ። የቢል ኢቫንስ ፒያኖ፣ የፖል ቻምበርስ ቤዝና የጂሚ ኮብ ድራም ከሥር ይደግፏቸዋል። ዛሬም የማይሰለቸው በዚህ ይመስለኛል፤ በሰሙት ቁጥር ሌላ ሰው ሲናገር ይሰማል።

በነርስነት ዘመኔም ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ሕመምተኛ ዋናውን ጉዳይ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ እኛ ዝም ስንል ነው።

የአሥራ አራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከቤተሰቡ ጋር ማውራት ትታ ነበር። አንድ እሑድ ከቡና በኋላ የመጀመሪያውን ሙዚቃ፣ «ሶ ዋት»ን፣ ከፈትኩና «ቤዙን ብቻ ተከተዪ» አልኳት። እዚያ ላይ ቤዙ ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ባጭሩ ይመልሳሉ። ዘጠኝ ደቂቃ ያህል አብረን ሰማን። ሲያልቅ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን፣ በትምህርት ቤት ስለሚያስጨንቃት ነገር ጀመረች። አላቋረጥኳትም።

እናንተም ሞክሩት። ስልኩን አርቁ፣ ድምፁን መጠነኛ አድርጉ፣ ልጁ የሚከተለውን መሣሪያ ራሱ ይምረጥ። ሙዚቃው ሲያበቃም ለመናገር አትቸኩሉ።