ጠበልና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አይጣሉም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሀገራችን ኢትዮጵያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ጸንቶባቸዋል ብሎ ከለያቸው 30 ሀገራት አንዷ ናት። በሽታው ግን መድኃኒት አለው፤ ብዙዎችን የሚጎዳው በጊዜ ባለመታወቁና የተጀመረው ሕክምና በመቋረጡ ነው።

እንዴት ይተላለፋል?

ሕመምተኛው ሲያስል ከሳንባው የሚወጣው ተህዋሲ በአየር ላይ ይቆያል፤ በተፋፈገ ቤት አብሮት ያለ ሰውም በትንፋሹ ይስበዋል። በአንድ ማዕድ በመብላት ወይም እጅ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ሕሙማንን ከማዕድ መለየት ፍቅርን ማጉደል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም። ጥንቃቄው ሲያስሉ አፍን መሸፈን፣ የጠበልተኞችን ማረፊያና የአብነት ተማሪዎችን ጎጆ አየር እንዲዘዋወርበት ማድረግ ነው።

መቼ እንመርመር?

ሳል ሁለት ሳምንት ከቆየ፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና የሰውነት መክሳት ከታዩ አክታን ማስመርመር ይገባል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ከሕመምተኛው ጋር የሚኖሩ ቤተሰቦችም ይመርመሩ፤ ባይታመሙም የመከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ይችላል።

ጠበልስ?

ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። በጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይቀንሳል፤ ተህዋሲው ግን ገና አልጠፋም። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል። አንዳንዶች “መድኃኒት ከወሰድህ ጠበሉ አይሠራም” ሲሉ ይሰማል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር እንደሆኑ ያስተምራል። ጌታችን ለምጻሞችን በፈወሰ ጊዜ እንኳ ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ አዝዟል፤ በሕጉ መንጻታቸውን መርምሮ የሚመሰክር ካህኑ ነበርና። እንግዲህ ምእመናን በእምነት ይጠመቁ፣ ጠበሉንም ይጠጡ፤ መድኃኒቱን ግን የጤና ባለሙያው “ተፈጽሟል” እስኪል አያቋርጡ። ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚጨነቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ከመተው ይልቅ የንስሐ አባቱንና የጤና ባለሙያውን ያማክር፤ የሚወስድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻላልና።

የጠበል ቦታ አገልጋዮች ሆይ፣ የሚያስለውን ጠበልተኛ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የእምነት ማነስ አይደለም፤ በማረፊያው አብረውት የሚያድሩትንም መታደግ ነው።

አምላካችን ሕሙማንን ይማርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር