ካታሎግ የማያውቀው ዳይ ዋጋው ስንት ነው?

ማሽን የሚያቆመው ሁልጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ እንደሚገኙት ፋብሪካዎች ባሉ ሥራ ቤቶች ቆርቆሮ የሚበሳ ወይም ብረት የሚያጥፍ ማሽን ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ዳይ የምትባለው ቅርጽ አውጪ ብረት ካለቀች ሥራ ያቆማል። ሠራተኛው ደመወዙን፣ ባንኩም ወለዱን መጠየቃቸውን ግን አያቆሙም።

ዳይዋ በአምራቹ ካታሎግ ላይ ካለች ችግሩ የምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ማሽኑ ያረጀና አምራቹ የተወው ከሆነ ግን ዶላር ያለውም ሰው የሚገዛው ነገር አያገኝም። ያለው አማራጭ ማሠራት ብቻ ነው።

ከአዳኞች የሚገኝ ትምህርት

ይህ ችግር በሌላው ዓለም በአንድ ያልተጠበቀ ገበያ ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካ አንዳንድ አዳኞች የፋብሪካ ቀለህ አንገቱን አጥብበው ወይም አስፍተው፣ በየትኛውም ፋብሪካ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ጥይት ይሠራሉ። «ዋይልድካት» ይሉታል፤ የዱር ድመት ማለት ነው። አረሩን በቀለሁ አፍ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጠው ዳይ ከሱቅ ስለማይገኝ በትዕዛዝ ይሠራል። ዳይ ሠሪውም በዚያው ጠመንጃ የተተኮሱ ቀለሆች እንዲላኩለት ይጠይቃል፤ የተተኮሰ ቀለህ የጠመንጃውን ጉረሮ ልክ ይዞ ይወጣልና። (በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ሥር ስለሆነ፣ ለአቃቂ የሚተርፈው ዘዴው እንጂ ዕቃው አይደለም።)

የገበያው አካሄድም አስተማሪ ነው። «ትዌንቲ ቱ ቱ ፊፍቲ» የተባለው ዋይልድካት እ.ኤ.አ. በ1965 ሬሚንግተን ኩባንያ መደበኛ ምርቱ ካደረገው በኋላ ዳዩ የሱቅ ዕቃ ሆነ። ፈላጊው በዝቶ ወጪው ለብዙዎች ተከፋፈለ ማለት ነው። በዓለም የታወቀው ዳይ አምራች አርሲቢኤስም እ.ኤ.አ. በ1943 ፍሬድ ሀንቲንግተን በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ፣ በአባቱ ላውንድሪ ጓዳ የጀመረው ሥራ ነበር።

አንድ ወይስ አራት?

በአቃቂ በኩል የሙያው መሠረት አለ። ቀድሞ አቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ይባል የነበረውና በ2002 ዓ.ም በተቋቋመው ሜቴክ ሥር የገባው ፋብሪካ ብረት የማቅለጥ፣ የመቀጥቀጥና በማሽን የመቅረጽ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። ትንንሽ ቶርኖ ቤቶችም ለአነስተኛው ሥራ አሉ።

ዋጋውን የሚያስወድደው ብረቱ ብቻ አይደለም። መለካት፣ ንድፍ ማውጣትና ማሽን ማዘጋጀት ለአንድም ለአሥርም ያው ነው። ለምሳሌ ዝግጅቱ 24,000 ብር፣ ብረቱና ጉልበቱ ለአንዱ 6,000 ብር ቢሆን፣ አንድ ዳይ 30,000 ብር ይወጣበታል። አራት በአንድ ጊዜ ቢታዘዝ ግን እያንዳንዱ በ12,000 ብር ያልቃል። ተመሳሳይ ማሽን ያላቸው ሦስት አራት ባለንብረቶች በጋራ ቢያዝዙ የሚያተርፉት ይህንኑ ልዩነት ነው።

ሌላው ኪሳራ የሚመጣው ከናሙናው ነው። ያለቀች ዳይ ለባለቶርኖው ሰጥቶ «ይህንኑ አስመስልልኝ» ማለት ማለቋንም አብሮ መቅዳት ነው። እንደ አዳኙ ቀለህ፣ ዳይዋ አዲስ ሳለች የወጣ ምርት ተቀምጦ ቢቀርብ ልኩ ከእርሱ ይወሰዳል። ብረቱም ለመሣሪያ የሚሆን ዓይነት መሆኑና በእሳት መጠንከሩ መረጋገጥ አለበት። ብረት ሲጠነክር ልኩ ጥቂት ስለሚዛባ የመጨረሻው ሞረዳ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ ርካሽ ዳይ ቶሎ ይበላል።

በመሆኑም ባለፋብሪካው ማሽኑ ሳይቆም የዳዮቹን ንድፍ አስወጥቶ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል። በቆመ ማሽን ፊት የሚደረግ የዋጋ ክርክር የሚያዳላው ለሻጩ ነው።