አክሲዮን ገዝቶ ማቆየት ወይስ እየገዙ መሸጥ?

ከምናስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ባለፈው ሰሞን ከትምህርት በኋላ ጠብቆ አነጋገረን። «በጎቼን ሸጬ 10 ሺህ ብር ይዣለሁ። አጎቴ አክሲዮን ግዛና ተቀመጥ ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ዛሬ ገዝተህ ነገ እየሸጥክ ብትነግድ ነው የሚያዋጣህ ይላል። የማንን ልስማ?» አለን። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ እንጽፈዋለን።

አክሲዮን ምንድን ነው? አሥር ሰዎች እኩል ገንዘብ አዋጥተው አንድ ወፍጮ ቢተክሉ፣ ከአሥር አንዱ እጅ የእያንዳንዳቸው ነው። ይኸው ድርሻ አክሲዮን ይባላል። ወፍጮው ሲያተርፍ ትርፉን ይካፈላሉ፤ ሲከስርም ኪሳራው ይደርሳቸዋል። የትልልቅ ድርጅቶችም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ከመቶ 10 እጁን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር። ይኸውም 9,900 ብር ነው። የልጁ ገንዘብ በዚያ ብቻ ባለቀ ነበር።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን የአክሲዮን ገበያ በይፋ ተከፈተ። በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። በዚህ ገበያ ሻጭና ገዢ እንደ ከብት ተራ ፊት ለፊት አይገናኙም። ፈቃድ ያለው አገናኝ በመካከል ይገባል፤ ለድካሙም ይከፈለዋል።

እንግዲህ ወደ ከብቱ እንመለስ። ጊደር ገዝቶ የሚያሳድግ ሰው የዚህ ሳምንት ገበያ ቢወርድ አይደነግጥም። ጊደሯ ትወልዳለች፤ ወተቱም ጥጃውም የሱ ነው። በየገበያው ጊደር እየገዛ የሚሸጥ ሰው ግን የሚጠብቀው የዋጋውን መውጣት ብቻ ነው። በሱ ቤት አትወልድም። ለደላላ ይከፍላል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ የሥራ ቀኑን ያጠፋል። 10 ጊዜ ቢሸጥ 10 ጊዜ ይከፍላል። ደግሞስ እሱ የሚሸጠውን የሚገዛው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከሱ የበለጠ ገበያውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው።

ይኼ ግምት ብቻ አይደለም። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ምሁራን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሂሳብ መርምረው ነበር። ከሁሉ አብዝተው የገዙና የሸጡት በ100 ብር በዓመት 11 ብር ከ40 ሳንቲም ያህል አተረፉ እንበል። ገበያው በጠቅላላው ግን 17 ብር ከ90 ሳንቲም ሰጥቶ ነበር። ልዩነቱን የበላው በአብዛኛው የመግዣና የመሸጫ ወጪ ነው። በብራዚልም በየዕለቱ እየገዙ እየሸጡ ከ300 ቀን በላይ የቆዩ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ከ100ው 97ቱ ከስረዋል።

ታዲያ ለምን ይሞከራል? ያተረፈው ጠላ ቤት ገብቶ ያወራል፤ የከሰረው ዝም ይላል። የምንሰማው ያንዱን ብቻ ነው።

ንግድ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። በጥር እህል ገዝቶ በሐምሌ የሚሸጥ ሰው እህሉንም ነቀዙንም ያውቃል። ልጁ ግን የባንክ ሂሳብ መዝገብ አንብቦ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር እኛም ብዙ አላነበብንም።

አክሲዮን ይዞ መቆየትም ቢሆን ስጋት አለው። ድርጅቱ ላያተርፍ ይችላል። ገንዘቡ በቸገረ ጊዜም ገዢ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ማሳውን ሁሉ አንድ ዘር የዘራ ገበሬ ዋግ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለዓመታት የማይፈለግ ገንዘብ ካልሆነ አክሲዮን ውስጥ አይገባም። «ብሩን በስልክ ላክልኝ፣ በሳምንት እጥፍ አደርግልሃለሁ» የሚለው ደግሞ አክሲዮንም ንግድም አይደለም፤ ሌብነት ነው።

ልጁን «ለማዳበሪያ ስንት አስቀመጥክ?» ብለን ጠየቅነው። ዝም አለ። በማግሥቱ 4 ሺህ ብር ለይቶ ለእናቱ ሰጠ። በቀረው 6 ሺህ ምን እንደሚያደርግ ገና አልወሰነም። ጓደኛው አሁንም ማታ ማታ እየመጣ ስልኩን ያሳየዋል።