ምክንያቱ ስላልታወቀ የሰርቨር ብልሽት

ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ ብዙ ሰዎችን ባንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ያለ ምልክት በድንገት ይቆማል፤ እንደገና ሲያስነሡት ግን ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ወቀሳው በፕሮግራሙ ወይም በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፥ ምንጩ ሜሞሪው ሊሆን እንደሚችልና ይህም በምን ዘዴ እንደሚለይ ነው።

በሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዱ ቢት፥ ማለት 0 ወይም 1፥ የሚጠበቀው እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ሙላት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ሜይና ዉድስ የተባሉ የኢንቴል ተመራማሪዎች፥ የሜሞሪው ማሸጊያ በተሠራበት ሴራሚክ ውስጥ ጥቂት ዩራንየምና ቶሪየም እንደሚገኝ፥ ከእነርሱም የሚወጣው የአልፋ ቅንጣት ቢቱን እንደሚገለብጠው አስረዱ። ኮስሚክ ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥረው ኒውትሮንም እንዲሁ ያደርጋል። ዕቃው ራሱ አይበላሽም፤ የሚበላሸው በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ነው። በፈተና ውጤት መዝገብ ውስጥ አንድ ቢት ቢገለበጥ 80 የነበረው 16 ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑም ስላልቆመ ስሕተቱን የሚያውቅ አይኖርም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ በጨረር ማላከክ አይገባም። በጉግል ሰርቨሮች ላይ 2 ዓመት ተኩል የተደረገውና በ2009 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፥ ከመቶ የሜሞሪ ሰሌዳዎች ከ8 የሚበልጡት በየዓመቱ ስሕተት ያሳዩ ነበር፤ አብዛኛውም ከዕቃው ከራሱ ጉድለት የመጣ ይመስላል።

ሁለቱን ለመለየት መዝገብ ያስፈልጋል። ስሕተቱ በዚያው ቦታ ደጋግሞ ከታየ ዕቃው ታሟል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ታይቶ ካልተመለሰ ግን ጨረር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የተጠረጠረውን ሰሌዳ ወደ ሌላ ማስገቢያ ማዛወር ነው። ስሕተቱ ሰሌዳውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው፤ በቀድሞው ማስገቢያ ከቀረ ግን ማስገቢያውን፥ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን መመርመር ይገባል። ባንድ ጊዜ ብዙ ዕቃ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድንለትም ምክንያቱን አያገኘውም።

ሃሚንግ በ1950 ዓ.ም. ባሳተመው ስሕተትን የማረም ዘዴ ላይ ተመሥርቶ፥ የሰርቨር ሜሞሪ በ64 ቢት ላይ 8 ቢት ለመቈጣጠሪያ ይጨምራል። በዚህም አንድ የተገለበጠ ቢት ይታረማል፥ ሁለት ከሆኑም ይታወቃል፤ ሁሉም በመዝገብ ይጻፋል።

ከፍታ በጨመረ መጠን ኒውትሮኑ ስለሚበዛ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ለምትገኘው ለአዲስ አበባ ነገሩ የቅርብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሰዎች ውጤት፥ ደመወዝ ወይም የሕክምና መዝገብ የሚቀመጥበት ሰርቨር የሚያርም ሜሞሪ ሊኖረው፥ መዝገቡም በየጊዜው ሊነበብ ይገባል እንላለን። መዝገቡን ሳያነቡ ማሽኑን ማስነሣት፥ ምስክሩን ሳይሰሙ እንደመፍረድ ነው።