ስበት በማይሰማበት ስፍራ ውኃና እርጎ ስለሚይዙት መልክ

በቅጠል ላይ ያለው የጤዛ ጠብታ ድቡልቡል ነው፤ በገበታ ላይ የፈሰሰ ውኃ ግን ተዘርግቶ ይተኛል። ውኃው አንድ ሲሆን መልኩ ስለ ምን ሁለት ሆነ ብለው ተማሮች ቢጠይቁ፥ ሁለት ኃይሎች እንደሚታገሉበት መምህሩ ሊያስረዳቸው ይገባል። አንደኛው ስበት ነው፤ ይኸውም ፈሳሹን ወደ ታች ስቦ ያስተኛዋል። ሁለተኛው የገጽ ውጥረት ነው፤ የፈሳሹ ደቂቅ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ ገጹ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ ሆኖ ፈሳሹን ወደ ክብ መልክ ይሰበስበዋል። በትንሽ ጠብታ ውጥረቱ፥ በብዙ ውኃ ስበቱ ያሸንፋል።

ስበቱ ባይሰማ ምን እንደሚሆን የቤልጅግ ሊቅ ጆዜፍ ፕላቶ ከምድር ሳይነሣ አሳይቷል። ውኃና አልኮል ቀላቅሎ ክብደታቸውን ከወይራ ዘይት ጋር ካስተካከለ በኋላ ዘይቱን በመካከሉ ቢያፈስስ፥ ዘይቱ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ ኳስ ሆኖ ቆመ። ይህ ሰው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ እንኳ በሌሎች ዓይን እየመረመረ፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። ከጤና ጣቢያ ጠንካራ አልኮል ያገኘ መምህር የኑግ ዘይት ጠብ አድርጎበት፥ ዘይቱ ከታች ተነሥቶ በመካከል እስኪቆም ድረስ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ቢጨምር ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል፤ ብቻ እሳት አይቅረበው።

ዛሬ ደግሞ ከምድር በላይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ነገሩ በግልጥ ይታያል። በዚያ ስበት የለም የሚሉ ይሳሳታሉ፤ በምድር ላይ ካለው ከአሥር ዘጠኝ እጅ ገደማ አለ። ነገር ግን ጣቢያው ከነሰዎቹ ምድርን እየዞረ ዘወትር በመውደቅ ላይ ስለሆነ ክብደት አይሰማም። በዚሁ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ ርጥብ ጨርቅ ቢጨምቅ ውኃው አልተንጠባጠበም፤ በጨርቁና በእጁ ዙሪያ ተጣብቆ ቀረ።

ወፍራም ፈሳሽስ እንዴት ይሆናል? እዚህ ላይ ማርን ከእርጎና ከቅቤ መለየት ያስፈልጋል። ያልረጋ ማር ቀስ ይበል እንጂ ለትንሽ ግፊትም ይታዘዛል፤ ስለዚህ ቢዘገይም ክብ ይሆናል። እርጎና ቅቤ ግን ግፊቱ የተወሰነ ልክ እስኪያልፍ ድረስ ከቦታቸው አይፈስሱም። የገጽ ውጥረት ግፊት ደግሞ ጠብታው ባነሰ መጠን ይበረታል። የውኃ ጠብታ ከመካከሉ እስከ ዳሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ ገጹ ውስጡን የሚጫነው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውኃ የሚጫነውን ያህል ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን እንደ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ውኃ ብቻ። ስለዚህ ክብደት በማይሰማበት ስፍራ እጅግ ታናሽ የወፍራም እርጎ ጠብታ ትድቦለቦላለች፤ ብዙው እርጎ ግን ማንኪያ የተወበትን ቅርጽ ይዞ ይቆያል፥ ሹል ጫፎቹ ብቻ ይዶለዱማሉ። የደረቀ ቅቤ ትንሹ ቁራሽ እንኳ እንደ ተቆረጠ ይኖራል። ጠፈርተኞች ወፍራም ምግብ በማንኪያ የሚበሉትም ምግቡ ማንኪያውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው፤ ውኃ ግን ከተዘጋ ከረጢት በቀሰም ይመጠጣል።