የጀርመን የእሳት አደጋ ተከላካዮች የራስ ቁሮች፦ ከመጋዘን ዕቃነት ወደ ታሪክ ምስክርነት

አገልግሎታቸውን የጨረሱ የመንግሥት ንብረቶች ዕጣ ፈንታ በአብዛኛው በጨረታ መሸጥ ወይም በቁርጥራጭ ብረትነት መወገድ ነው። በጀርመን ግን የእሳት አደጋ ተከላካዮች ይደፏቸው የነበሩ አሮጌ የራስ ቁሮች በሙዚየሞችና በግለሰብ ሰብሳቢዎች ዘንድ የየከተማው ታሪክ ማስረጃ ለመሆን በቅተዋል።

በጀርመን የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ መከላከያ ቡድኖች መቋቋም የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ በ1841 በማይሰን፣ በ1846 ደግሞ በዱርላህ የተመሠረቱት ከቀደምቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። በ1847 በካርልስሩኸ ቴአትር ቤት የደረሰው ቃጠሎ የሠለጠነ ቡድን አስፈላጊነትን በማሳየቱ ሌሎች ከተሞችም አርአያቸውን ተከትለዋል።

የዚያ ዘመን የራስ ቁር በአብዛኛው ከወፍራም ቆዳ የሚሠራ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጋ የናስ ጉልላት ነበረው። ቡድኖቹ በየአካባቢያቸው የሚተዳደሩ በመሆናቸው የቁሩ ቅርጽና ዓርማ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በ1930ዎቹ ወደ ሥልጣን የመጣው የናዚ መንግሥት ይህን ልዩነት በማጥበብ አንድ ወጥ የብረት ቁር አስፋፋ፤ በ1938 ባወጣው ሕግም ቡድኖቹን በፖሊስ ሥር አዋለ። ከ1945 በኋላ የሥርዓቱ ምልክቶች ከብዙዎቹ ቁሮች ላይ ተፍቀው ወይም በቀለም ተሸፍነው ለአገልግሎት ውለዋል። በ1950ዎቹ ደግሞ ቀላል የአሉሚኒየም ቁር ተተካ። በመሆኑም የቁሩ ጥሬ ዕቃ፣ ዓርማና የቀለም ድርብርብ የአገሪቱን የአስተዳደር ለውጥ በቅደም ተከተል ያሳያሉ።

የአንድ ቁር ዋጋ የሚመዘነው በብረቱ ሳይሆን ስለ እርሱ በሚታወቀው ነገር ነው። የየትኛው ከተማ እንደነበረ፣ በየትኛው ማዕረግ ያለ ሰው እንደደፋውና መቼ ከአገልግሎት እንደወጣ የተመዘገበለት ቁር ተፈላጊ ሲሆን፣ ከሌላ ቁር የተነቀለ ዓርማ የተለጠፈበት ግን አሳሳች ነው። ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ጽዳትም ጉዳት አለው፤ ናስን ደጋግሞ መወልወል የአምራቹን ምልክት ያጠፋል፣ ሙቀትም ቆዳውን ይሰነጥቃል። በ1963 በተመሠረተው የፉልዳው የጀርመን የእሳት አደጋ ሙዚየም የሥራ መሣሪያዎች በየዘመናቸው ተደራጅተው ለጎብኚ ይቀርባሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በአገራችን ለሚገኙ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎችም ይጠቅማል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ በ1967 በአሰላ ሥራ ከጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ዘመን የቀረ የእርሻ መሣሪያ በአሰላ ወይም በሽርካ ወረዳ በጎበሳ ከተማ በሚገኝ መጋዘን ቢገኝ፣ ከመወገዱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ምንጩንና ያገለገለበትን ጊዜ መመዝገብ፣ የሚያውቁትን አረጋውያን መጠየቅና ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ተገቢ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲጠብቀውና እንዲንከባከበው ግዴታ የጣለ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ከልክሏል።

መሣሪያው ለቅርስነት ይበቃል አይበቃም የሚለውን ባለሙያ በኋላ ሊወስን ይችላል። መዝገቡ ሳይያዝ በጨረታ ከተሸጠ ግን የሚወሰን ነገር አይኖርም።