ስለ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ደን አጠባበቅ

በደቡብ ጎንደር፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ለሚጓዝ ሰው የሚታየው አብዛኛው ምድር የታረሰ ወይም ከብት የጋጠው ነው። በዚያ መካከል እንደ ደሴት ለብቻው የቆመ ደን ቢታይ ግን፣ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ይታወቃል። ሕዝቡ ደኑን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ያየዋልና ዛፉን መቍረጥ ነውር ነው።

ይህ ደን ስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ሀብቱ ብዙ ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴና ባልንጀሮቻቸው የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ እንደ ተገኘ ገልጸዋል። ጽድና ወይራ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ደኑ ለንብ አበባ፣ ለወፍ ማደሪያ፣ ለአገሩም የዛፍ ዘር ጐተራ ነው።

ነገር ግን ማንም ምሳር ሳያነሣበት ደን ሊጠፋ ይችላል። ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ፤ ከብት ገብቶ ቡቃያውን ይበላል፣ ይረግጣልም፤ ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው አይገኝም። «ዘሩ በአፈር ተቀብሮ ይቈያል፤ በኋላ ይበቅላል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ምርመራው ያሳየው ግን የአብዛኞቹ የአገር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን እንደማይቈይ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ከጠፋች ዘሯም ዐብሯት ይጠፋል።

ለዚህ የተገኘው መድኀኒት የድንጋይ ካብ ነው። በብዙ ቦታ ካህናቱና ምእመናኑ ተማክረው፣ ገበሬው ከየእርሻው ድንጋይ እየለቀመ ደኑን ዙሪያውን ዐጥሮታል። ጥቅሙም ሁለት ነው፤ ደኑ ከከብት ይጠበቃል፣ እርሻውም ከድንጋይ ይጠራል። ካቡ ከዛፎቹ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ ቢሠራ፣ በመካከሉ ባለው ስፍራ አዲስ ቡቃያ ይወጣልና ደኑ ይሰፋል።

ድኻ ገበሬ «በበጋ ከብቴን ወዴት ልንዳ?» ቢል ነገሩ እውነት ነው። ስለዚህ ካቡ ሳይጀመር የግጦሹ ጕዳይ በሽማግሎች ፊት ይቈረጥ፤ ሣሩንም ዐጭዶ መውሰድ በየት በየት እንዲፈቀድ ይወሰን። ያለ ስምምነት የታጠረ ካብ ጠባቂ አያገኝምና። ደግሞም ቶሎ ያድጋል፣ ገንዘብ ያስገኛል ተብሎ በደኑ ውስጥ ባሕር ዛፍ ቢተከል የአገሩን ዛፍ አይተካም።

መምህራን ተማሮችን ወደ ዐጸዱ ወስደው በካቡ ውስጥና በውጭ ያለውን ቡቃያ ያስቈጥሯቸው፤ በዓመቱም ደግመው ያስተያዩ። ሽማግሎችም የየዛፉን ስምና ጥቅም ይንገሯቸው፤ ስሙን የማያውቁት ዛፍ ቢጠፋ የሚፈልገው አይኖርምና።